ቀን ለዋናተኛ፣ ሌሊት ለስደተኛ

እስኪ ዛሬ ጀልባ እንከራይ። አይዟችሁ፣ ከኪሳችሁ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም፤ የምንከራየው ወረቀት ላይ ነው። ባይሆንማ የት አባታችን! ይህን ከምንጽፈው መካከል ባሕር በዓይኑ ያየ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ለሥራ ጂቡቲ ደርሶ የተመለሰ፣ ሌላዋ ደግሞ ዱባይ ለትራንዚት ስትወርድ ከአውሮፕላን መስኮት ያየች። የቀረነው የውኃ ነገራችን ላንጋኖና ሶደሬ ላይ ያበቃል።

ሐሳቡ የመጣው ከፊልም ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን አይተነው ነበር። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሱዳን ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ የይስሙላ የቱሪስት ሆቴል ከፍቶ ቤተ እስራኤላውያንን በሌሊት በጀልባ እንዳሸሸ የሚተርክ ነው። የታሪኩ መሠረት እውነት ነው። መልከ መልካሙ ክሪስ ኢቫንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሮጣል፣ ይዋኛል፣ ይደባደባል። የእኛ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ላይ ተቀምጠው በዝምታ ይጠብቃሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዷ፣ «ቆይ ግን፣ እነዚህ ሰዎች እዚያ ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ እኛ የት ነበርን?» አለች። «እኛማ ገና አልተወለድንም» ብለን ልንቀልድ ሞከርን። ቀልዱ አልሠራም።

ጥያቄው አልለቀቀንም። መልስ ፍለጋ ያነበብነውን ካርታ ላይ ስናሰፍረው አንድ የሚገርም ነገር አየን። ከፖርት ሱዳን ወደ ሰሜን፣ የሞተር ጀልባ በአንድ ቀን በሚያዳርሰው ባሕር ላይ፣ የእኛም ታሪክ ተኝቷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይኸውላችሁ፦ አንድ ቀን፣ አንድ ጀልባ፣ ሦስት ማቆሚያ።

ከመነሳታችን በፊት

ስኖርክል የሚባለው ነገር ቀላል ነው። ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽር፣ በአፍ የሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ፣ እግር ላይ የሚጠለቅ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋ ላስቲክ። ከዚያ ፊትን ወደ ታች አድርጎ መንሳፈፍ ነው። እንደ ጠላቂዎቹ ጀርባ ላይ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር ስለሌለ፣ የሚታየው ለውኃው ገጽ ቅርብ የሆነው ነገር ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ኮራል ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ያድጋል፤ ውኃውም ጥርት ያለ ነው።

ለምን ጠራ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ ስለማይገባበት ነው። ዓባይ አፈራችንን ተሸክሞ በጀርባው አልፎ ይሄዳል። አዋሽ ወደ ባሕሩ ሲገሰግስ ቆይቶ ጥቂት ሲቀረው አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቀይ ባሕር የጠራው የእኛ ጭቃ ስለማይደርስበት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ጭቃችን አይድረስ እንጂ ሌላው ነገራችን ደርሷል። ወደዚያው እንሂድ።

ጠዋት፦ ወደ እኛ ሲመጣ የሰመጠ ቦምብ

ጀልባችን ከፖርት ሱዳን ወደብ ወጥታ ሞተሯ በቅጡ ሳይሞቅ ዊንጌት ሪፍ ከሚባለው የኮራል ዐለት ትደርሳለች። (የአዲስ አበባ ልጅ «ዊንጌት» ሲባል የታክሲ ረዳት ድምፅ ነው ጆሮው ላይ የሚያቃጭለው። የእኛው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኦርድ ዊንጌት ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ አብሮ የዘመተው እንግሊዛዊ መኮንን ማለት ነው።)

እዚህ ኡምብሪያ የምትባል፣ 150 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት የጣሊያን የጭነት መርከብ በጎኗ ተጋድማለች። አንድ ጎኗ ለውኃው ገጽ በጣም ቅርብ ስለሆነ መነጽርና ቱቦ ብቻ ያደረገ ሰው ከላይ ሆኖ ያያታል። ኮራል አልብሷታል፤ ዓሣ እንደ ዝናብ ይወርድባታል። ውብ ናት ይላሉ ያዩዋት።

ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ቦምብ ነው። ቁጥሩ ወደ 360 ሺህ ይጠጋል። በ1932 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ስትጓዝ ነው እንግሊዞች ጠርጥረው ፖርት ሱዳን አጠገብ ያስቆሟት። «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ያኔ ኤርትራን፣ የጣሊያን ሶማሊያንና በወረራ ሥር የነበረችውን ኢትዮጵያን የሚጠቀልል ስም ነበር። ሰኔ 3 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940) የመርከቧ ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬዛን አገሩ ወደ ጦርነቱ መግባቷን ከሬዲዮ ሰማ። መርከቧ ላይ የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ገና አልሰሙም። የነፍስ አድን ልምምድ ነው በሚል ሰበብ ሰዎቹን ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች አስወረደ፤ መርከበኞቹ ደግሞ መርከቧን ውኃ አስገቡባት። ጭነቷን እንግሊዝ እንዳይወስደው አሰመጣት ማለት ነው።

ያ ሁሉ ቦምብ በአርበኞቻችን ላይ ሊወርድ ነበር አንልም። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋርም ልትዋጋ እየተሰናዳች ነበር። ነገር ግን ጎጃም፣ በጌምድርና ሸዋ ጫካ ውስጥ ያሉት አርበኞች በአውሮፕላን ሲደበደቡ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር፤ ያ ጭነት ቢደርስ የሚወርደው ከእነርሱው ሰማይ ነበር። ከጭነቱ መካከል ሦስት ፊያት መኪኖችም ነበሩ። በዓለም ዙሪያ የሚመጡ ጠላቂዎች ከቦምቡ ይልቅ ፎቶ የሚያነሱት እነዚያን ፊያቶች ነው። አንፈርድባቸውም። ለእነርሱ የሰመጠ መርከብ ነው። ለእኛ ሳይደርስ የቀረ ደብዳቤ ነው፤ ባለመድረሱም ደስ የሚለን።

ቀትር፦ ባሕር ውስጥ ጎጆ የወጡ ሰዎች

ወደ ሰሜን ስንቀጥል የሳንጋኔብን የመርከብ መብራት ማማ በሩቁ እናልፋለን። ይህ ሥፍራ ከደንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያ ሻብ ሩሚ እንደርሳለን። እዚህ፣ ከውኃ በታች፣ እንደ ተገለበጠ ሳህን ያለ ብረት ዛሬም ቆሟል።

ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ባልደረቦቹን ይዞ መጥቶ አሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቤት ሠራ። አምስት ሰዎች ለአንድ ወር ያህል ኖሩበት፤ በሉ፣ ተኙ፣ ሲጋራ አጨሱ። በቀቀን እንኳ ይዘው ገብተው ነበር። የቀረው ብረት የትንሿ ሰርጓጅ መኪናቸው ጋራዥ ነው። ስለ ኑሯቸው የተሠራው ፊልም ኦስካር ወስዷል።

ያ ዓመት ለእኛም ትልቅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት 17 ቀን አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ፈረንሳዮቹ ቀይ ባሕር ውስጥ ጎጆ ወጡ። ያኔ ምፅዋና አሰብም በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ነበሩ። ባሕር ኃይልም፣ የባሕር ኃይል በዓልም፣ ነጭ የለበሱ መኮንኖችም ነበሩን። ባሕሩን ግን እንደ ደጃፍ እንጂ እንደ ቤት አላየነውም። ዛሬም «የባሕር በር» ስንል ክርክራችን ስለ ወደብ ኪራይና ስለ ኮንቴይነር ነው። በሩን እንቆጥራለን፤ በበሩ ስለወጡት ሰዎች አናወራም። ቀጣዩ ማቆሚያችን ስለ እነርሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ፦ ዓሩስ

ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎሜትር ገደማ፣ አሸዋ ላይ፣ ዓሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጣሊያኖች የሠሩት አሥራ አምስት ያህል ቤቶች ያሉት መንደር ነው። መንገድ፣ ውኃና መብራት ባለመኖሩ ሳይሳካላቸው ትተውት ሄዱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በአንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ስም ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ተከራየው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከፊልም የሚያስቀው። ሆቴሉ ለሽፋን ተከፍቶ በእውነት ሠራ! በራሪ ወረቀት አሳተሙ። የሱዳን ተወላጅ ሠራተኞች ቀጠሩ። ከካርቱም ዲፕሎማቶች፣ ከአውሮፓ አገር ጎብኚዎች መጡ። የግብፅ ወታደሮችም አርፈውበታል። የእንግዳው ቀን እንዲህ ነው፦ ጠዋት ቁርስ፤ ከዚያ ጀልባ ተይዞ ወደ ኮራሉ፣ መነጽርና ቱቦ አድርጎ ዓሣ ማየት፤ ቀትር ላይ የባሕር ምግብ፤ ከሰዓት ዊንድሰርፊንግ፤ ማታ ከከዋክብት ሥር ቀዝቃዛ መጠጥ። ሱዳናውያኑ ሠራተኞች እንዳይገቡበት የተነገራቸው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፦ የመጥለቂያ ዕቃዎቹ መጋዘን። ሬድዮው የተደበቀው እዚያ ነበር።

እንግዶቹ ያልገባቸው አንድ ነገር ነበር። እነዚህ ፈረንጅ አስተናጋጆች አንዳንድ ሌሊት የት ነው የሚጠፉት?

ሌሊት

አሁን ታሪኩን ከሆቴሉ ሳይሆን ከሌላኛው ጫፍ እንጀምረው፤ ፊልሙ ካልጀመረበት።

ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ቤተ እስራኤላውያን በቤተሰብ፣ በቤተሰብ ሆነው በሌሊት ይነሳሉ። ጎረቤት እንዳይነቃ ቤቱ እንደነበረ ይተዋል። ደርግ እንዲወጡ አይፈቅድም፤ የተያዘ ይታሰራል። ሳምንታት ይጓዛሉ፤ ሽማግሌ በበቅሎ፣ ሕፃን በጀርባ። ሽፍታ አለ፣ ጥማት አለ፣ ወባ አለ። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባና ተዋዋ የስደተኛ ጣቢያዎች ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጀምራል። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ናት፤ «ወደ ኢየሩሳሌም እየሄድኩ ነው» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማንነታቸውን ደበቁ። በሽታው ሲመጣ ግን የሚደበቅ አልነበረም። በመንገድና በጣቢያዎቹ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሥፍራ ቆሞላቸዋል።

ይህን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሞሳድ አይደለም፤ መምህር ነው። ፈረደ አክሉም ይባላል፤ የትግራይ ሰው። ደርግ ሲያሳድደው ወደ ሱዳን ሸሸ። ከዚያ ሆኖ ለውጭ ድርጅቶች «ድረሱልን» የሚል መልእክት ላከ። መልእክቱ እስራኤል ደረሰ፤ ዳኒ ሊሞር የሚባል የሞሳድ ሰው ተልኮ ፈልጎ አገኘው። ሁለቱ አብረው ሌሎች ቤተ እስራኤላውያንን ያፈላልጉ ጀመር። ፈረደም ለወገኖቹ በሱዳን በኩል መውጫ እንዳለ አስነገረ። ሰው የተነሣው ያን ቃል ሰምቶ ነው። በፊልሙ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ከእርሱ የተቀዳ ነው። ፈረደ እ.ኤ.አ. በ2009 አገሩን ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። እኛ በምንኖርበት ከተማ! ስሙን ግን ከፊልሙ በፊት ከመካከላችን የሰማ አልነበረም።

ጣቢያዎቹ ውስጥም «ኮሚቴ» የሚባሉ የራሳቸው ወጣቶች ነበሩ። ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚሄድ የሚመርጡ፣ በሹክሹክታ የሚጠሩ። የተጠሩት ጨለማ ውስጥ ጭነት መኪና ላይ ይወጣሉ። ከዚያ 800 ኪሎሜትር ገደማ፤ ቀን ከመንገድ ወጥቶ መደበቅ፣ ሌሊት መንዳት፣ በየኬላው ትንፋሽ መዋጥ። ሲነጋጋ ሳይሆን ሲመሽ ባሕሩ ዳር ይደርሳሉ። አብዛኞቹ ደገኞች ናቸው፤ ጣናን ያዩ ቢኖሩ እንኳ ባሕር የሚያውቁ አልነበሩም። የመጀመሪያው የባሕር ትዝታቸው ድምፁ ነው፤ በጨለማ አይታይማ! ከዚያ የእስራኤል ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በላስቲክ ጀልባ መጥተው ይጭኗቸዋል፤ ራቅ ብላ ወደቆመችው «ባት ጋሊም» ወደምትባል መርከብ።

እ.ኤ.አ. በማርች 1982 በአንዱ ሌሊት የሱዳን ወታደሮች ደረሱባቸው። ኮንትሮባንዲስት መስለዋቸው ተኮሱ። ስደተኞቹን የያዙት ጀልባዎች አመለጡ፤ ባሕሩ ዳር የቀሩት የሞሳድ ሰዎች ተያዙ። ዳኒ ምን ብሎ እንዳመለጠ ታውቃላችሁ? «እኛ እኮ ለቱሪስቶች የሌሊት ጠለቃ እያዘጋጀን ነው፤ ቱሪስት ላይ ትተኩሳላችሁ ወይ?» ብሎ ተቆጣ። የወታደሮቹ አዛዥ አመነው፤ ለቀቃቸው።

ይህችን ቦታ ደጋግመን አነበብናት። ያ አዛዥ ሌሊት ባሕር ዳር ሰው ቢያይ ሁለት ነገር ነው የሚያስበው፦ ወይ ኮንትሮባንድ ነው፣ ወይ ቱሪስት ነው። ቱሪስት ከሆነ ይቅርታ ይጠየቃል። ከነልጆቹ በስውር አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው ግን ሐሳቡ ውስጥም አልነበረም። ያው ባሕር፣ ያው ጀልባ፣ ያው አሸዋ... አንዱን «እንኳን ደህና መጡ» የሚያሰኘው፣ ሌላውን የሚያስተኩስበት ማንነቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ አስጊ ስለሆነ በረሃ ላይ በሚያርፉ ወታደራዊ አውሮፕላኖች መውሰድ ተጀመረ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ደግሞ «ዘመቻ ሙሴ» በሚባለው ከካርቱም በአውሮፕላን ከ6,000 በላይ ሰዎች ወጡ። በኤፕሪል 1985 ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ የዓሩስ «አስተናጋጆች» በአንድ ሌሊት ሹልክ አሉ። ጠዋት የነቁት እንግዶች ከሱዳናውያኑ ሠራተኞች በቀር ማንንም አላገኙም።

ታዲያ እኛ የት ነበርን?

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ደርግ ነው ያባረራቸው ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። ግን ደርግ እንዳይወጡ ነው የከለከለው። ያስነሳቸው በመጀመሪያ ደረጃ የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ እምነት። ይህን ከእነርሱ ልንነጥቅ አንችልም።

የቀረውን ደግሞ ከራሳችን ላይ ልናወርድ አንችልም። «ፈላሻ» ያልናቸው እኛ ነን፤ መጻተኛ፣ አገር አልባ ማለት ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ለብዙ ዘመን ርስት አልነበራቸውም። ማረሻችንን የቀጠቀጡት፣ እንሥራችንን የሠሩት እነርሱ ነበሩ፤ እኛ ግን ማረሻውን ተቀብለን ሠሪውን «ቡዳ» አልነው። እኛ በተማርነው የታሪክ ትምህርት ውስጥ ስለ እነርሱ ያለው ነገር ከጎንደር ነገሥታት ጦርነቶች ጋር ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሰው በሌሊት ከመንደሩ ሲወጣ ጎረቤቱን የሚፈራው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለሞሳድ አይደለም። ለእኛ ነው።

ፊልሙ የእኛን ሰዎች ከበስተጀርባ አስቀመጣቸው ብለን ተቆጥተን ነበር። ለካ እኛም ከፊልሙ በፊት እዚያው አስቀምጠናቸው ነበር።

መመለሻ

መሸ፤ ጀልባችንን እንመልስ። ወደ ፖርት ሱዳን ግን እንደ ጠዋቱ አንገባም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ሰሞን ከወደቡ የተነሱት መርከቦች የሸሹ ሰዎችን በሺዎች ጭነው ወደ ጂዳ ተሻገሩ። በሜይ 2025 ከተማዋ ራሷ በድሮን ተደበደበች።

ኡም ራኩባም ታሪክ ሆና አልቀረችም። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ያችው ጣቢያ እንደገና ተከፍታ ከእኛ አገር የሸሹትን ተቀበለች። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገላባት በኩል፣ በመተማ፣ ወደ ጎንደር ምድር ሸሹ። ስደት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ወንዝ አይደለም።

ዛሬም ወጣቶቻችን በጂቡቲ ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ይሳፈራሉ፤ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመድረስ። ከዚያው አገር ዋና ከተማ ወደብ ደግሞ ቀን ቀን ጎብኚዎች መነጽርና ቱቦ ይዘው ወደ ኮራሉ ይወጣሉ። ገንዘብ ኖሮን አንድ ቀን እኛም እንደ እነርሱ ጀልባ ብንከራይ ኃጢአት አይደለም። ውበቱ ለሁሉም ነው፤ እኛም እናምረዋለን። ብቻ ፊታችንን ወደ ታች አድርገን ዓሣውን ስናይ፣ በዚህ ውኃ ላይ ማን በምን ሌሊት እንዳለፈ እያወቅን ይሁን።

ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አነበበችው። «መልሱን አገኛችሁት?» አልናት።

«እኔ የጠየቅኩት ያኔ የት እንደነበርን ነው» አለች። «አሁን የት እንዳለን ደግሞ እናንተ ጨመራችሁበት።»